ስለ «ኔንጂል ኦር አላያም» ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ፊልም በ1962 እ.ኤ.አ. የወጣው የታሚል ፊልም «ኔንጂል ኦር አላያም» ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ደራሲውም ዳይሬክተሩም ሲ. ቪ. ስሪድሃር። ሲታ የታመመ ባሏን ቬኑን ይዛ ሆስፒታል ትገባለች። የሚያክመው ዶክተር ሙራሊ የድሮ ፍቅረኛዋ ሆኖ ይገኛል። ከዚህ በላይ አልተርክም። መጨረሻውን እዚህ የሚጽፍ እንዳይኖር!

የፒያሳው ልጅ፦ ቦሊውድ ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም። ቦሊውድ የሂንዲ ቋንቋ ሲኒማ ነው፤ የታሚል ሲኒማ የደቡብ ሕንድ ነው፤ ማድራስ፣ የዛሬዋ ቼናይ።

ሂንዲ ወዳድ፦ እኔ «ዲል ኤክ ማንዲር»ን አይቻለሁ። ታሪኩ አንድ ነው።

መልስ፦ ራሱ ስሪድሃር ነው በ1963 በሂንዲ ደግሞ የሠራው። ሚስትየዋን የምትጫወተው ሚና ኩማሪ ድንቅ ናት። ያላያችሁ ግን ከታሚሉ ጀምሩ።

ነርሷ፦ የባልየው ሕመም ምንድን ነው? ያኔስ ይድን ነበር?

መልስ፦ የሳንባ ካንሰር። ሁለተኛውን ለሐኪም ተዪው።

ሰብሊ፦ ጋሼ፣ ባልየው አልጋው ላይ ሆኖ የሚናገራት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ከዚያ የሚመጣውን ዘፈን ቢያብራሩልን?

መልስ፦ ተባረኪ፣ ይሄ ነው ጥያቄ! ቬኑ «እኔ ብሞት ሙራሊን አግቢ» ይላታል። ባሏ የሞተባት ሴት ዳግም ማግባቷ እንደ ነውር በሚታይበት ኅብረተሰብ፣ ይህን ባል ራሱ ሲለው አስቡት። ሲታ በንግግር አትመልስለትም። ትዘፍናለች፤ «ይህን ያልከው አንተ ነህ?» እያለች። ድምፁ የዘፋኟ የፒ. ሱሺላ ነው፣ ግጥሙ የካናዳሳን፣ ዜማው የቪስዋናታንና የራማሙርቲ። አሁን ካሜራውን ተከተሉ። የካሜራ ባለሙያው ኤ. ቪንሰንት ካሜራውን አልጋው ሥር ድረስ ያስገባዋል። ፊልሙ ከሞላ ጎደል ከሆስፒታሉ አይወጣም፤ ሌሎች ፊልሞች ፍቅረኞችን ተራራ ለተራራ ሲያስሮጡ እዚህ መሸሻ የለም። ሲታ ባሏንም ሐኪሙንም በአንድ ኮሪደር ታገኛለች። ክፉ ሰው ደግሞ አንድም የለበትም። ሦስቱም ደግ ናቸው፣ ሦስቱም ይጎዳሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ነርሷ፦ ሙራሊ ግን ሊያክመው አይገባም ነበር። የድሮ ፍቅረኛህን ባል ቢላ ይዘህ ትቀርባለህ? ለሌላ ሐኪም ያስተላልፍ!

የፒያሳው ልጅ፦ እሱ ካላዳነውማ «ሆን ብሎ ገደለው» ይሉታል።

ነርሷ፦ ለዚያ እኮ ነው ማስተላለፍ ያለበት!

ሂንዲ ወዳድ፦ ለማንኛውም መጨረሻ ላይ ሐኪሙ ራሱ…

መልስ፦ ኧረ በናትህ! መጨረሻውን አትጻፉ ብያለሁ። ነርሷ፣ እንደ ሙያሽ ልክ ነሽ። ግን ሲታም ትፈራዋለች እኮ፤ ቂም ይዞ ቢሆንስ እያለች። የፊልሙ ጭንቀት ከዚያ ነው የሚመጣው።

አዲስ ገቢ፦ ፊልሙ አሪፍ ነው? ቦሊውድ ነው?

መልስ፦ ከላይ አንብብ። «አሪፍ ነው?» ለሚል መልስ የለኝም። የትኛው ትዕይንት? የትኛው ተዋናይ?

አዲስ ገቢ፦ እሺ፣ ሐኪሙን የሚጫወተው ማን ነው?

መልስ፦ ካልያን ኩማር። ባልየው ሙቱራማን፣ ሲታ ዴቪካ።

ሰብሊ፦ ተመሳሳይ የታሚል ፊልም ይጠቁሙን።

መልስ፦ «ቫዝቬ ማያም»፣ 1982፣ ተዋናዮቹ ካማል ሃሳንና ስሪዴቪ። ካንሰር ይዞት የሚወዳትን ሴት ከራሱ የሚገፋ ሰው ታሪክ ነው። በ1981 ከወጣ የቴሉጉ (ሌላ የደቡብ ሕንድ ቋንቋ) ፊልም የተወሰደ ነው። እንባ ይበዛበታል፤ ለእኔ የቬኑን ያህል አይከብድም። የእሱንም መጨረሻ እዚህ እንዳትጽፉ።