የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ያበጠ ማኒኮቶ እና የሚጮህ ቺንጋ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ በየቀኑ በኮሮላ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ጠዋት ቁልቁለቱን ስወርድ መኪናዋ ምንም አትልም። ማታ ከአዲሱ ገበያ ዳገቱን ስወጣ ግን የሙቀቱ ቀስት ከፍ ይላል፤ ውሃም ይጎድላል። መካኒኩ የላይኛው ማኒኮቶ (በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል ውሃ የሚያመላልሰው የላስቲክ ቱቦ) ጫፉ አብጧልና እሱ ብቻ ይቀየር ብሎኛል። ይበቃል? ራሴስ ልቀይረው እችላለሁ?

መልስ፦ አይበቃም። የላይኛውና የታችኛው ማኒኮቶ አብረው ያረጃሉና አብረው ይቀየሩ። ማኒኮቶ ብዙ ጊዜ የሚበላው ከውስጥ ነው፤ ያውም ከማሰሪያው ጥቂት ሳንቲሜትር ራቅ ብሎ። ስለዚህ በዓይን አይታይም፣ በእጅ ነው የሚታወቀው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ጫፉን በሁለት ጣት ጨመቅ አድርገው ከመሃሉ ጋር ያነጻጽሩት። ጫፉ ከመሃሉ ይልቅ ከለሰለሰ፣ ወይም ደርቆ ሲጨመቅ ከተንኮሻኮሸ ጊዜው አልፏል። ከቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ከሚያሳልፈው በር) አጠገብ ያለችውን አጭር ቱቦና ወደ ካቢን ማሞቂያው የሚሄዱትን ሁለቱን ቀጫጭን ቱቦዎችም እንዲሁ ይዩ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነሱ ናቸው።

እናንተ አካባቢ ነገሩ የሚብስበት ምክንያት አለ። አዲስ አበባ ላይ በክፍት ድስት የተጣደ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ሱሉልታ ሲደርሱ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። የሞተሩ ውሃ ግን በደህና ቀኑም 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሳይፈላ የሚያቆየው የራዲያተሩ ክዳንና ማኒኮቶዎቹ አምቀው የያዙት ግፊት ብቻ ነው። ክዳኑ ላይ የግፊት መጠኑ 0.9 ተብሎ ከተጻፈና ላስቲኩ ጤነኛ ከሆነ ውሃው እስከ 110 ዲግሪ ድረስ አይፈላም። ማኒኮቶው በጠብታ መጠን እንኳ ካሾለከ ግፊቱ ይለቃል፤ ያኔ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ውስጥ ይፈላል። ስለዚህ ክዳኑንም አብረው ይቀይሩ።

ሥራውን ራስዎ መሥራት ይችላሉ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፤ ትኩስ ራዲያተር መክፈት ፊት ያቃጥላል። ሰፊ ሳፋ ከሥር አድርገው በራዲያተሩ ታች ባለው ማፍሰሻ ያፍስሱ፤ ከትንንሽ ቶዮታዎች 5 ሊትር ገደማ ይወጣል። ኩላንት (ራዲያተር ውስጥ ከውሃ ጋር የሚጨመረው ፈሳሽ) መርዝ ነው፤ ጣዕሙም ስለሚጣፍጥ ውሻና ከብት ይጠጣዋል። ግቢ ውስጥ አይድፉት።

አሮጌው ማኒኮቶ ከተጣበቀ በካቻቢቴ አይፈልቅቁት፤ የራዲያተሩ አንገት ፕላስቲክ ከሆነ ይሰበራል። ማኒኮቶውን በምላጭ ቁመቱን ቀደው ይግፈፉት። አንገቱ ላይ የተጋገረውን ነጭ ዝቃጭ በስስ ብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ፤ ብዙዎች ይህን ይዘሉና አዲሱ ማኒኮቶ በማግስቱ ያንጠባጥባል። ሲያስገቡ አንገቱን በኩላንት ያርጥቡ እንጂ ግራሶም ሆነ ዘይት አይቀቡ፤ ላስቲኩን ያበሰብሰዋል። ማሰሪያው አንገቱ ላይ ካለው ጉብታ ወዲያ፣ ወደ ራዲያተሩ በኩል ይቀመጥ። ጉብታው ላይ ከታሰረ ግፊት ሲመጣ ይንሸራተታል። በካቻቢቴ የሚጠብቅ ማሰሪያ ከሆነ ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ አንድ ጊዜ ደግመው ያጥብቁት።

ኩላንቱን ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ይቀላቅሉ። የጉድጓድ ውሃ ኖራው ራዲያተሩን ይደፍናል። ክዳኑን ሳይዘጉ፣ የካቢን ማሞቂያውን ወደ ሙቅ አዙረው ሞተሩን ነዳጅ ሳይረግጡ በሚኒሞ ያስነሱ። የታችኛው ማኒኮቶ ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ተከፍቷል ማለት ነው፤ አረፋው እስኪያቆም እየሞሉ ይቆዩና ይዝጉ።

እስኪቀይሩ ድረስ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ መንገድ ላይ ማኒኮቶው ቢፈነዳ ቀስቱ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። የሚለካው ውሃ ስለሆነ፣ ውሃው ሲያልቅ የሚለካው ያጣል። ቀዘቀዘ ብለው ከነዱ ቴስታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመማል። ወዲያው ያጥፉ፤ በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አያፍስሱ።

ጥያቄ፦ ከለገጣፎ ነው የምጽፍላችሁ። የዲናሞው ቺንጋ (ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ) ጠዋት ሞተሩን ሳስነሳ ይጮኻል። ሁለቴ ቀየርኩት፣ ሳሙናም ተቀባ፤ ትንሽ ዝም ብሎ ይመለሳል።

መልስ፦ አዲስ ቺንጋም ከጮኸ ጥፋቱ የቺንጋው ላይሆን ይችላል። ሳሙናም ሆነ ሌላ ቅባት ይቅር፤ አቧራ ይሰበስባል። ሞተሩ እየሠራ፣ እጅዎንና ልብስዎን አርቀው፣ በቺንጋው የውስጥ ፊት ላይ ንጹህ ውሃ ይርጩ። ጩኸቱ ጠፍቶ ቶሎ ከተመለሰ ፑሌጃዎቹ (ቺንጋው የሚዞርባቸው መዘውሮች) በአንድ መስመር ላይ አይደሉም። ውሃው ሲነካው ከባሰበት ደግሞ ቺንጋው ላልቷል፣ ይንሸራተታል። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው ቺንጋውን ያውጡና ፑሌጃዎቹን አንድ በአንድ በእጅ ያዙሩ፤ የሚያንኳኳ ወይም የሚፋተግ ካለ ኩሽኔታው ሄዷል።

ውጥረቱን በረጅሙ ክፍል መሃል በአውራ ጣት ጠንከር አድርገው ተጭነው ይለኩ፤ ወደ 10 ሚሊሜትር ገባ ካለ ደህና ነው። «እንዳይጮህ» ተብሎ ከዚያ በላይ ሲወጠር የዲናሞውና የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ ያልቃል። ሶማሌ ተራ ሲገዙ የአሮጌውን ጀርባ ያንብቡ፦ 4ፒኬ 1000 ካለ 4 ጥርስ፣ 1000 ሚሊሜትር ርዝመት ማለት ነው። ቅርብ ነው ብለው 20 ሚሊሜትር የሚያጥር አይግዙ።

ጥያቄ፦ ሰበታ ነው ያለሁት፤ ያገለገለ ሃይስ ገዛሁ፣ ሞተሩ 5ኤል ናፍጣ ነው። የታይሚንግ ቺንጋው (የፒስተኑንና የቫልቮላውን እንቅስቃሴ የሚያጣጥመው ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ የለም።

መልስ፦ አሁኑኑ ይቀየር፤ ኪሎ ሜትሩን አይመኑ። 100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚቀየር ነው። ከተበጠሰ ፒስተኑ ቫልቮላውን ይመታል። የመወጠሪያው ኩሽኔታም አብሮ ይቀየር፤ እሱ ከተነቃነቀ አዲሱን ቺንጋ ይበላዋል። ዘይት የሚያሾልክ ካለ መጀመሪያ እሱ ይደፈን። ቺንጋው ከተገጠመ በኋላ መካኒኩ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ክራንኩን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) በቁልፍ፣ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙርና የክራንኩ፣ የካሙ (ቫልቮላ የሚከፍተው ዘንግ) እና የናፍጣ ፖምፓው ምልክቶች ቦታቸው ላይ መመለሳቸውን ያሳይዎት። አንዷ ጥርስ ካለፈች ፈትቶ እንደገና ይግጠመው።