ሽጉጥ ልገዛ ሄጄ «ዲሌይድ» ተባልኩ፤ ስሜ ከሽብር ተጠርጣሪዎች ዝርዝር ገብቶ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዳላስ የምኖር ባለ ግሪን ካርድ ነኝ። ለሱቄ ሽጉጥ ልገዛ ፎርም ሞልቼ «ዲሌይድ» ተባልኩ። አውሮፕላን ማረፊያም ብዙ ጊዜ ለብቻዬ እፈተሻለሁ። ስሜ ዝርዝሩ ውስጥ ይሆን? ባለቤቴ ዜጋ ናት፤ በእሷ ስም ብንገዛስ?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ እባክዎ እንዳያደርጉት። ሽጉጡ በእርስዎ ገንዘብ ለእርስዎ እየተገዛ ባለቤትዎ የመሣሪያ መግዣው ፎርም (ፎርም 4473) ላይ «ገዢዋ እኔ ነኝ» ብለው ከፈረሙ፣ እስከ 10 ዓመት የሚያስቀጣ የፌዴራል ወንጀል ነው። እርስዎ መሣሪያ ከመግዛት ያልተከለከሉ መሆንዎ አያድናቸውም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 በአብራምስኪ መዝገብ ይህንኑ ወስኗል። እርስዎም ተባባሪ ሆነው ከተፈረደብዎ ግሪን ካርድዎን እስከማጣት ሊያደርስዎ ይችላል።

«ዲሌይድ» ማለት ክልከላ አይደለም። ቴክሳስ ውስጥ ሻጩ የሚጠይቀው ኤፍ ቢ አይን ነው። መዝገብ ላይ የሚመሳሰል ነገር ሲያገኝ ለማጣራት ጊዜ ይወስዳል። ሦስት የሥራ ቀን አልፎ መልስ ካልመጣ ሻጩ ሊሸጥልዎ ይችላል፤ ግዴታ ግን የለበትም። የተጠየቀበት ዕለትና ቅዳሜና እሑድ አይቆጠሩም። ዕድሜው ከ21 በታች ለሆነ ገዢ እስከ 10 የሥራ ቀን ሊራዘም ይችላል።

የሽብር ተጠርጣሪዎች ዝርዝር እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2004 ጀምሮ ከገዢዎች ስም ጋር ይመሳከራል። ሆኖም በፌዴራል ሕግ ዝርዝሩ ላይ መገኘት ብቻውን ግዢን አይከለክልም፤ የሚከለክሉት እንደ ከባድ ወንጀል ፍርድ፣ የቤት ውስጥ ጥቃት ጥፋተኝነት፣ ሕገወጥ ዕፅ መጠቀም (ግዛቱ የፈቀደው ማሪዋናም ጭምር) ያሉት ናቸው። የኮንግረሱ ኦዲት መሥሪያ ቤት እንዳወጣው፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2014 መጨረሻ ስማቸው ከዝርዝሩ ጋር ከገጠመ 2,233 ጥያቄዎች 2,043ቱ አልፈዋል። ኒው ጀርሲን የመሰለ ግዛት ግን በራሱ ሕግ ይከለክላል።

በእኛ ሰው ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ስምና የልደት ቀን ነው። የአባት ስም መንጃ ፈቃድ ላይ መካከለኛ፣ ግሪን ካርድ ላይ የመጨረሻ ስም ሆኖ ይገኛል፤ «መሐመድ አሕመድ»ን የመሰለ ስም ያለው ሰው ደግሞ ስፍር ቁጥር የለውም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ልደት ሳይመለስ የገባበት ሰነድም አለ። ስለዚህ መንጃ ፈቃድዎን ከግሪን ካርድዎ ጋር ያስተካክሉ፤ አድራሻውም አሁን የሚኖሩበት ይሁን። ፎርሙ ላይ የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር ግዴታ ባይሆንም ይጻፉት፤ ከሞክሼዎ የሚለይዎ እሱ ነው። ከግሪን ካርዱ ላይ ያለው የ«ኤ» ቁጥር ግን ግዴታ ነው።

ከሻጩ የማጣሪያውን ቁጥር፣ ኤንቲኤን የሚሉትን፣ ተቀብለው ያስቀምጡ። «ዲናይድ» (ተከልክለዋል) ከተባሉ በእሱ ቁጥር ለኤፍ ቢ አይ ይግባኝ ያቅርቡ፤ ምክንያቱን በ5 የሥራ ቀን፣ ውሳኔውን በ60 ቀን መስጠት አለበት። መዘግየቱ በየግዢው የሚደጋገም ከሆነ የጣት አሻራ ልከው በኤፍ ቢ አይ የፈቃደኞች መዝገብ ይመዝገቡ። የሚሰጥዎትን መለያ ቁጥር በሚቀጥለው ፎርም ላይ ይጽፋሉ።

የአውሮፕላን ማረፊያው ፍተሻ ስምዎ ዝርዝሩ ላይ ለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም፤ መንግሥትም አለ ወይም የለም ብሎ አይመልስልዎትም። ለእሱ ማመልከቻ የሚገባው የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ትሪፕ በሚባለው አገልግሎት ነው፤ የሚሰጥዎትን ቁጥር ትኬት ሲቆርጡ ያስገባሉ። ያ ቁጥር መሣሪያ ሱቅ አያገለግልም፤ የኤፍ ቢ አዩም አውሮፕላን ማረፊያ አይሠራም፤ ሁለቱንም ለየብቻ ይጠይቁ።