ታይትል የሌለው ክላሲክ መኪና መግዛትና ማስመዝገብ፦ ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ቮልስ፣ ማስታንግ ወይም ማርሴዲስ ያለ ታይትል አግኝታችሁ ለምታመነቱ፣ የቀረቡትን ጥያቄዎች በየተራ እመልሳለሁ። አገር ቤት ሊብሬ የምንለውን እዚህ ታይትል ይሉታል፤ መኪናው የማን እንደሆነ የሚናገር ወረቀት ነው። ሕጉ ግን በየስቴቱ ይለያያል፤ ዳላስ የሠራ መንገድ ሎስ አንጀለስ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ስትጠይቁ የምትኖሩበትን ስቴት፣ የመኪናውን ሞዴል ዓመትና የመጨረሻው ታርጋ የየት እንደሆነ ጻፉ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ዳላስ)፦ ሰላም ወንድሜ። የ1972 ቮልስ አግኝቼ ሰውየው 3,500 ዶላር ይላል። ታይትሉ ጠፍቷል ነው የሚለው። ከመክፈሌ በፊት ምን ላረጋግጥ?

መልስ፦ መጀመሪያ ቪን የሚሉትን የመኪናውን መለያ (የሻንሲ) ቁጥር ፈልግ። የኋላውን መቀመጫ አንሣ፤ በስተቀኝ ባትሪው አለ። መሃል ላይ፣ ከፊት ወደ ኋላ በሚሄደው የሻንሲው ጉብታ ላይ ቁጥሩ ብረቱ ውስጥ ተመትቶ ታገኘዋለህ። ብዙ ጊዜ ቀለምና ቆሻሻ ይሸፍነዋል፤ በቀጭን ዘይት አርጥበህ ለስላሳ ብሩሽ ተጠቀም። ግራይንደር እንዳታስጠጋ፣ የተፋቀ ቁጥር ለፖሊስ የተሰረቀ ቁጥር ነው የሚመስለው።

የ1972 ሞዴል ቮልስ ቁጥሩ አሥር አኃዝ ነው፤ በ1122 ይጀምራል። 11 የመኪናውን ዓይነት፣ ቀጥሎ ያለው 2 የሞዴል ዓመቱን የመጨረሻ አኃዝ ይነግርሃል። በ1112 ከጀመረ የ1971 ሞዴል ነው። ቮልስ የሞዴል ዓመቱን የሚቀይረው ኦገስት ላይ ስለሆነ በ1971 መጨረሻ የተሠራ መኪና የ1972 ሞዴል ቢባል ስሕተት የለውም።

ከዚያ የፊቱን ኮፈን ክፈትና ከስኮርታ ጎማው ጀርባ ያለችውን የፋብሪካ ሰሌዳ አንብብ። በሹፌሩ በኩል፣ ከንፋስ መስታወቱ ሥር ዳሽቦርዱ ላይም አንድ አለ። ሦስቱ ካልተስማሙ ቦዲው ከሌላ ሻንሲ ላይ ተነሥቶ የተጫነ ነው። የቮልስ ቦዲ ቡሎኖቹ ከተፈቱ ከሻንሲው ስለሚነሣ፣ አንዱ ሲዝግ ከሌላው ጋር ማጋባት የቆየ ልማድ ነው። ባትሪው ሥር ያለው ወለል በአሲድ ተበልቶ ስለሚበሳም ሻንሲ መለወጥ ብርቅ አይደለም። ታዲያ የትኛው ቁጥር እንደተመዘገበ ሳታውቅ ገንዘብ አታውጣ። ሻጩ ቁጥሩን ፎቶ እንዳታነሣ ከከለከለህ ውይይቱ እዚያው ያብቃ።

ስርቆትን በተመለከተ፣ የኢንሹራንሶች ማኅበር የሆነው ኤንአይሲቢ በ24 ሰዓት እስከ አምስት ቁጥር በነፃ ይፈትሻል። ነገር ግን 17 አኃዙ ቪን የመጣው ከ1981 ሞዴል ጀምሮ ነው። ያንተ መኪና አሥር አኃዝ ስለሆነ በእንዲህ ያለው ፍተሻ ላይ አትደገፍ፤ ቁጥሩን ለፖሊስ ወስደህ አስመርምር።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይበልጣል፦ ሻጩን «በዲኤምቪ (መኪና በሚመዘግበው የስቴቱ መሥሪያ ቤት) መዝገብ ላይ ያለው ስም ያንተ ነው?» ብለህ ጠይቀው። የእሱ ከሆነ ታይትል አልባ መኪና መግዛት አያስፈልግህም። ቴክሳስ ውስጥ ቪቲአር-34 የሚባለውን ፎርም ሞልቶ ቅጂ ያወጣል፤ አንተ ከዚያ በኋላ ትከፍላለህ። ብዙ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ወደ ቦንድ ይሮጥና ለወራት ይንከራተታል።

ጥያቄ (ዳላስ፣ እዚያው)፦ ስሙ የእሱ አይደለም፤ ከሞተ ጎረቤቱ ነው የገዛሁት ይላል። ቦንድ የሚባለው እንዴት ነው የሚሠራው?

መልስ፦ ቦንድ ለእውነተኛው ባለቤት የሚቀመጥ ዋስትና ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ባለቤት ነኝ ባይ መጥቶ ቢያሸንፍ፣ ዋስ የሆነው ድርጅት ይከፍለዋል፤ ከዚያ ገንዘቡን ከአንተ ይጠይቃል። ዋስትናው የተገባው ለአንተ አለመሆኑን ልብ በል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። መኪናው በቴክሳስ መዝገብ ከሌለ መጀመሪያ ሥልጣን ያለው መርማሪ ቁጥሩን አይቶ ቪቲአር-68-ኤ የሚባለውን የምርመራ ፎርም ይሞላልሃል። ቀጥሎ ቪቲአር-130-ኤስኦኤፍ የሚባለውን የቦንድ መጠየቂያ ፎርም፣ መታወቂያህን፣ የሽያጭ ውሉንና 15 ዶላር ይዘህ ለቴክሳስ ዲኤምቪ የአካባቢ ጽሕፈት ቤት ታቀርባለህ። ካውንቲው ቢሮ አይደለም፤ ብዙዎች እዚህ ጋ ይሳሳታሉ። ከተቀበሉህ የቦንዱን መጠን የያዘ ደብዳቤ ይሰጡሃል፤ የመኪናው ዋጋ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ዋጋውን የሚወስነው አንተ የከፈልከው 3,500 አይደለም። 25 ዓመት ለሞላው መኪና ግምቱ ከ4,000 በታች ቢሆንም 4,000 ተብሎ ይያዛል፤ ስለዚህ ቦንድህ ቢያንስ 6,000 ዶላር ይሆናል። ከኪስህ የሚወጣው ግን የዋስትናው ክፍያ ብቻ ነው፤ ለዚህ መጠን አብዛኛውን ጊዜ 100 ዶላር አካባቢ። ቦንዱን በገዛህ በ30 ቀን ውስጥ 130-ዩ ከሚባለው የታይትል ማመልከቻ ጋር ለካውንቲው ታክስ ቢሮ አስገባ፤ 6.25 በመቶ የሽያጭ ታክሱም እዚያው ይከፈላል።

የሚከለክሉህ መኪናው ለብረት ወይም ለመለዋወጫ ብቻ ተብሎ ከተመዘገበ፣ ክርክር ላይ ከሆነ ወይም ተጥሎ የተገኘ ከሆነ ነው። ሻንሲ ብቻ ወይም ቦዲ ብቻ ይዘህም ቦንድ አይሰጥህም።

የሞተው ጎረቤት ነገር ግን መጀመሪያ ይጣራ። ወራሾቹ በሕይወት ካሉ ከእነሱ የተፈረመ ወረቀት ከየትኛውም ቦንድ ይሻላል፤ ነገ ተነሥተው የሚከሱህም እነሱ ናቸውና።

ጥያቄ (አትላንታ)፦ የ1985 ማርሴዲስ 300ዲ ልገዛ ነው። ሻጩ «ጆርጂያ ለዚህ ታይትል አይሰጥም» ትላለች። እያታለለችኝ ነው?

መልስ፦ አይ እህቴ፣ እውነቷን ነው። ጆርጂያ የ1985 ሞዴልና ከዚያ በፊት ለተሠሩ መኪኖች ታይትል አይጠይቅም። የሽያጭ ውሉን ቲ-7 በሚባለው ፎርም አድርጉት፤ በስሟ የተመዘገበውን የመጨረሻ ሬጂስትሬሽን ዋናውን ተቀበዪ። ያ ከሌላት የፖሊስ መኮንን መኪናውን አይቶ ቲ-22ቢ የሚባለውን ፎርም እንዲሞላ ያስፈልጋል። ቀድሞ የወጣ አሮጌ ታይትል ከነበረ ግን «አያስፈልግም» ተብሎ አይጣል፤ አብሮ ይሰጥሽ። ነገ ታይትል ወደሚጠይቅ ስቴት ብትዛወሪ የምታሳዪው እነዚህን ወረቀቶች ነው።

ሌሎችም ስቴቶች ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። ኒውዮርክ ለ1972 ሞዴልና ከዚያ በፊት ላሉት ታይትል አይሰጥም፤ የሚተላለፈው ሬጂስትሬሽን ራሱ የባለቤትነት ማረጋገጫ ነው፤ ሻጩ ፈርሞ ይሰጣችኋል። ኮኔቲከት ከ20 ዓመት በላይ የሆነውን ትቶታል። ስለዚህ «ታይትል የለውም» ሲባል የጠፋ ነው ወይስ ከመጀመሪያውም ያልነበረ ብሎ መለየት ይገባል። የነዚህ ስቴቶች መኪና ሙሉ ወረቀት ኖሮት ታይትል ላይኖረው ይችላል።

ጥያቄ (ሜሪላንድ)፦ በቨርሞንት በፖስታ ማስመዝገብ ይቻላል ሲባል እሰማለሁ።

መልስ፦ ይቻል ነበር። ለዓመታት የሌላ ስቴት ሰዎች በሽያጭ ውል ብቻ ከቨርሞንት ሬጂስትሬሽን ያወጡ ነበር። በ2023 ነዋሪ ላልሆነ ሰው ያ በር ተዘግቷል። አሁንም በዚያ መንገድ እናወጣላችኋለን የሚሉ ካሉ ገንዘባችሁን አትላኩ።

ጥያቄ (ሎስ አንጀለስ)፦ ጋሼ፣ የ1966 ማስታንግ ነው። ጋራዥ ውስጥ ለብዙ ዓመት ቆሟል። ዋጋው 9,000 ዶላር።

መልስ፦ ማስታንግ ላይ ቁጥሩ የሚገኘው ኮፈኑን ስትከፍት፣ በሹፌሩ በኩል ከፓራፋንጎው ጠርዝ ሥር ባለው የውስጥ ብረት ላይ ነው። በሩ ላይ ያለችውን ሰሌዳ ብቻ አትመን፤ በር ይቀየራል። ቁጥሩ በ6አር07ሲ ከጀመረ 6 ዓመቱ፣ አር ሳን ሆዜ ፋብሪካ፣ 07 ኩፔ፣ ሲ ደግሞ 289 ቪ8 ሞተር ከባለሁለት በርሜል ካርቡሬተር ጋር ማለት ነው። በቲ የተጻፈ ስድስት ሲሊንደር ሆኖ ውስጡ ቪ8 ተቀምጦ ካገኘኸው ሞተሩ ተቀይሯል፤ ወንጀል አይደለም፣ ዋጋውን ግን ያወርዳል።

ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመዘገበው ባለቤት ራሱ ከሆነ አርኢጂ 227 ይሞላና ይፈርማል፤ ነገሩ ያልቃል። ካልሆነ አርኢጂ 343 ማመልከቻው ነው፤ አርኢጂ 31 መኪናው በዓይን ታይቶ የሚሞላ ነው፤ አርኢጂ 256 ላይ ደግሞ እንዴት እጅህ እንደገባ ትጽፋለህ። መኪናው 5,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ከተገመተ ቦንድም ይጠየቃል፤ ያንተ ይጠየቃል ማለት ነው።

የብዙዎችን ኪስ የሚጎዳው ግን የቆየ ክፍያ ነው። መኪናው ቆሞ እያለ ባለቤቱ «አልነዳውም» ብሎ ካላስመዘገበ ያልተከፈለው ሬጂስትሬሽን ከነቅጣቱ ይጠራቀማል፤ ሲዛወር የሚጠየቀው ገዢው ነው። ከመዋዋልህ በፊት የታርጋውን ቁጥር ይዘህ ዲኤምቪ ዕዳውን ጠይቅና ከዋጋው አስቀንስ። የጭስ ምርመራ አያሳስብህ፤ የ1975 ሞዴልና ከዚያ በፊት ያሉት ነፃ ናቸው።

ጥያቄ (ሲያትል)፦ ታይትል አለ፤ ግን ከኋላው የፈረመው ሌላ ሰው ነው፤ የገዢው ቦታ ባዶ ነው።

መልስ፦ ሻጭህ በስሙ ሳያዛውር ታክስ ሳይከፍል እየሸጠልህ ነው። የአንተን ስም ብቻ ጽፈህ ብታስገባ ሐሰተኛ ሰነድ አቀረብክ ማለት ነው። ሻጩ መጀመሪያ በስሙ ያዙረው፣ ወይም ታይትሉ ላይ ያለው ሰው ፊት ለፊትህ ይዋዋልህ። ቀን ወይም ስም በነጭ ማጥፊያ የተነካ ታይትል አትቀበል።

ጥያቄ (ሂዩስተን)፦ ታይትሉ ላይ የባንክ ዕዳ ተጽፏል፤ ባንኩ ግን ከስሯል።

መልስ፦ ባንኩ ከወደቀ የባንክ ተቀማጭ የሚያስተማምነው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ኤፍዲአይሲ ለዚህ የተለየ ክፍል አለው፤ የዕዳ ማንሻ ደብዳቤ ያወጣል። የታይትሉን ቅጂና ዕዳው መከፈሉን የሚያሳይ ማንኛውንም ወረቀት ላክ። ከሌላ ባንክ ጋር የተዋሐደ ከሆነ ግን የምትጽፈው ለተረከበው ባንክ ነው።

ጥያቄ (ፊላደልፊያ)፦ ሰሌዳው በዝገት ጠፍቷል። ከሌላ የተሰበረ መኪና ቁጥር ያለበትን ሰሌዳ ላድርግለት?

መልስ፦ በፍጹም! ቪን ማንሣት ወይም መለወጥ በፌዴራል ሕግ እስከ አምስት ዓመት ያሳስራል፤ መኪናውም ይወረሳል። ቁጥሩ በእውነት ካልተገኘ ስቴቱ የራሱን ቁጥር ይመድብልሃል። ቀለም ስታስቀባም የሰሌዳዋን ሪቬት አትፍታ፤ በወረቀት ሸፍነህ ቅባ።

ጥያቄ (ቨርጂንያ)፦ የአባቴ ቮልስ አዲስ አበባ ቆሟል። ሊብሬው አለ። ወደዚህ ባመጣው ታይትል ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ሊብሬው ራሱ የውጭ አገር ባለቤትነት ማስረጃህ ነው፤ ዋናውን ይዘህ በተረጋገጠ ትርጉም ታቀርበዋለህ። ከመጫኑ በፊት ሊብሬው ላይ ያሉትን የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች ከመኪናው ጋር አስተያይ። የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው መቆሚያ በታች ነው። ሞተሩ በየጋራዡ ተቀይሮ ሊብሬው ካልተስተካከለ እዚያው አስተካክል፤ ከዚህ ሆኖ ማስተካከል በጣም ከባድ ነው። አባትህ በሕይወት ከሌሉ የወራሽነት ማረጋገጫ ወጥቶ ሊብሬው በስምህ ይዙር።

ትርጉሙ ላይ ዓመተ ምሕረቱን በጥንቃቄ ያዝ። 1964 ዓ.ም. የተጻፈው «1964» ተብሎ ከተተረጎመ የመኪናህ ዕድሜ በሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይዛባል፤ ከሻንሲው ቁጥርም ጋር ይጋጫል። ተርጓሚው የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ጽፎ የፈረንጁንም ያስቀምጥ።

ጉምሩክ ላይ ኤችኤስ-7 በሚባለው ፎርም መኪናው 25 ዓመት ስለሞላው የደኅንነት ሕጉን ያልፋል፤ 3520-1 በሚባለው ደግሞ 21 ዓመት ስለሞላው የጭሱን። ማኅተም ያረፈበትን 7501 የሚባለውን የጉምሩክ ፎርም አታጥፋ፤ ዲኤምቪ ሊጠይቅህ ይችላል። ከሥሩ የተለጠፈው አፈር በደንብ በእንፋሎት ይታጠብ፤ የውጭ አገር አፈር ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ወደብ ላይ ያስቆመዋል።

ቨርጂንያ ከደረሰ በኋላ ለ25 ዓመት መኪና የአንቲክ ታርጋ አለ፤ ግን በቤትህ ሌላ የምትነዳው መኪና መኖር አለበት፤ በአንቲክ ታርጋ በየቀኑ ወደ ሥራ መመላለስ አይፈቀድም፤ ለሽርሽርም ከቤትህ ከ250 ማይል በላይ አትሄድም። በየቀኑ ልትነዳው ካሰብክ መደበኛውን ታርጋ ውሰድ።