ጥያቄና መልስ፦ «የሙሉ ጊዜ መምህር» ስንት ሰዓት ነው?

ኮሌጆች አዲስ ዓመት መቀበል ሲጀምሩ ስለ ሥራ ውል የሚጠይቁኝ መምህራን ይበዛሉ። ዘንድሮ ከባሕር ዳር የመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ውሉ ላይ ደመወዙ በቁጥርም በፊደልም ተጽፏል፤ ሥራው ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን የተጻፈ ነገር የለም።

ጥያቄ (ከቀበሌ 14)፦ የግል ኮሌጅ መምህር ነኝ። ውሌ «የሙሉ ጊዜ መምህር» ይላል፤ ቀጥሎ «ከቅርብ ኃላፊው የሚሰጡትን ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎች ያከናውናል» ይላል። በቃ። አሁን በሳምንት 21 ሰዓት የክፍል ሎድ (የማስተማር ድርሻ) ተሰጠኝ። በዛብኝ ስል «ሕጉ 48 ሰዓት ይፈቅዳል፤ አንተ ግማሹን እንኳ አልሠራህም» ተባልኩ። እውነት ነው?

መልስ፦ 48 ሰዓቱ እውነት ነው። የግል ኮሌጅ መምህር የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁም መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይገድባል። «ግማሹን አልሠራህም» የሚለው ግን ልክ አይደለም። ሥራዎ ክፍል ውስጥ የቆሙበት ሰዓት ብቻ አይደለም። ትምህርት ማዘጋጀት ሥራ ነው። ፈተና ማውጣት ሥራ ነው። እርማትም ሥራ ነው።

እስቲ አንድ ሚድ ፈተና ብቻ እናስላ። 60 ተማሪ ያለባቸው ሦስት ክፍሎች ካሉዎት 180 ወረቀት ይሰበስባሉ። ለአንዱ 10 ደቂቃ ቢሰጡ 30 ሰዓት ይወጣዋል። ክፍል ሳይገቡ፣ ተማሪ ሳያማክሩ፣ አራት የሥራ ቀን ሊሞላ ምንም አልቀረው። ይህን የሚያርሙት ማታ ቤትዎ ስለሆነ ማንም አያየውም። የማይታየውን ሥራ ደግሞ ማንም አይቆጥርልዎትም፤ እኔን የሚያናድደኝ ይኼ ነው።

ክፍተቱ ሕጉም ላይ አለ። አዋጁ በሥራ ውል ውስጥ እንዲገለጹ የሚያዛቸው የሥራው ዓይነት፣ ቦታው፣ የደመወዙ መጠንና አከፋፈል፣ የውሉ ዘመን ናቸው። ሰዓት እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። አንድ የክፍል ሰዓት ስንት የዝግጅት ሰዓት እንደሚያስከትልም አይናገርም። ስለዚህ ካልተጻፈ ነገሩ የእርስዎ ቃል በኃላፊው ቃል ላይ ሆኖ ይቀራል። መውጫው የኮሌጁ የሥራ ደንብ ነው። አዋጁ የሥራ ደንብን ሲተረጉም የሥራ ሰዓትንና ሥራ የሚለካበትን ዘዴ ይጨምርበታል። ደንቡን ይጠይቁ። ስለ ሎድ ዝም የሚል ከሆነ ከሥራ ባልደረቦችዎ ጋር ሆናችሁ እንዲጨመር በጽሑፍ አመልክቱ።

ለአንድ የክፍል ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል የዝግጅትና የእርማት ጊዜ ይታሰብ ቢባል እንኳ፣ የእርስዎ 21 ሰዓት 52 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ይህን ስሌት በወረቀት አድርገው ለኃላፊው ያሳዩት። «ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎች» የሚለው ሐረግ ላይም «ከመደበኛው የሥራ ሰዓት ሳያልፍ» የሚል ይጨመርበት። ውል ላይ አንዴ ቁጥር ከገባ ኃላፊው ብቻውን ተነስቶ አይቀይረውም።

ጥያቄ (ከሽምብጥ)፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቀኑን ሙሉ ኮሌጅ ነኝ። ማታ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ኤክስቴንሽን አስተምራለሁ። «ደመወዝህ ውስጥ ነው» ይሉኛል።

መልስ፦ በሳምንት ቢያንስ ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት አለዎት። እሑድ ከሠሩ ሌላ ቀን ሊያርፉ ይገባል። ከመደበኛው ሰዓት በላይ አሠሪው አዝዞዎት የሠሩት የትርፍ ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 4 ሰዓት ላለው የሰዓት ደመወዝዎ በአንድ ተኩል ይባዛል። በሳምንት የዕረፍት ቀን በሁለት፣ በሕዝብ በዓል ቀን በሁለት ተኩል። ትርፍ ሰዓት ራሱ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም።

ትእዛዙን በጽሑፍ ያግኙ። ፕሮግራሙ ላይ ስምዎ ያለበትን ወረቀት ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። ደግሞ አይዘግዩ፤ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል (ጊዜው አልፏል ተብሎ ይዘጋል)። ብዙ መምህር «ዓመቱ ይለቅና እጠይቃለሁ» እያለ ገንዘቡን ያጣል። ገንዘብ የለኝም ብለው እንዳይቀሩም፤ የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ የለበትም።

ጥያቄ፦ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። ተማሪዎችን በጀልባ ይዤ ጣና ላይ ለመስክ ሥራ ስወጣ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ነኝ። ሎድ ላይ የሚያዝልኝ የሁለት ሰዓት ላብ (የላቦራቶሪ ትምህርት) ነው። 48 ሰዓቱ እኔንም ይመለከተኛል?

መልስ፦ አይመለከትዎትም። የእርስዎ ጉዳይ በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011፣ በመንግሥት ሠራተኞች ሕግና በዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሌጅስሌሽን (የውስጥ መተዳደሪያ ደንብ) ነው የሚታየው። እናንተ ዘንድ ሙሉ ሎድ ሲባል ብዙ ጊዜ በሳምንት 12 የሌክቸር ሰዓት ነው፤ ላብና ቱቶሪያል ወደዚያ ተቀይረው ይቆጠራሉ። የመስክ ሥራ እንዴት እንደሚቀየር ሌጅስሌሽኑን ይፈትሹ። ከዚያ የሴሚስተሩ ሎድ ከመጽደቁ በፊት ለዲፓርትመንት ካውንስል ያቅርቡና ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር። ከጸደቀ በኋላ የሚነሳ ቅሬታ ብዙም አይሰማም።

ጥያቄ (ከአንድ ዲን)፦ ጋሼ፣ መምህራኑን መበደል አልፈልግም። ግን ሎድ በቁጥር ከጻፍኩ፣ በመሃል አንድ መምህር ጥሎ ሲሄድ ክፍሉን ማን ይሸፍንልኛል?

መልስ፦ ይህንኑ ይጻፉት ልጄ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«መምህሩ በሳምንት 40 ሰዓት ይሠራል። ከዚህ ውስጥ 12ቱ የክፍል፣ 18ቱ የዝግጅትና የእርማት፣ 4ቱ ተማሪ የማማከሪያ፣ 3ቱ የስብሰባ፣ 3ቱ የንባብና የጥናት ነው። የጎደለ መምህር ለመሸፈን ተጨማሪ ክፍል ሲሰጠው መምህሩ በጽሑፍ ይስማማል፤ ክፍያውም የዝግጅቱን ሰዓት ጨምሮ ይታሰባል።»

ኮሌጅዎ 12 አልችልም ካለ 15 ይበሉ፤ ሌላውን ግን አብረው ያስተካክሉ። 80 ተማሪ ያለበት ክፍልና 25 ተማሪ ያለበት ክፍል እኩል እርማት እንደሌላቸው ራስዎ አስተምረው ያውቁታልና፣ ለብዛቱም ማሻሻያ ያስገቡ። ፈተና ሰሞን ስብሰባ አይጥሩ።

ጥያቄ፦ የስድስት ወር እርጉዝ ነኝ። የግል ኮሌጅ ውስጥ የማታ ክፍል በትርፍ ሰዓት ተመደበብኝ። እምቢ ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችያለሽ እህቴ። አዋጁ እርጉዝ ሴትን በትርፍ ሰዓት ማሠራት ይከለክላል። ከመውለድሽ በፊት 30፣ ከወለድሽ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ዕረፍት አለሽ። የሐኪም ማስረጃሽን ከአጭር ደብዳቤ ጋር ለሰው ኃይል ክፍል አስገቢና ቅጂው ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ማኅተም አስደርጊ።