ሐዋሳ ለደረሳት ፍሬሽማን፦ እኔን የጎዳኝ ጓደኛ ማብዛቴ አልነበረም

ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። «ሐዋሳ ደርሶኛል። ከወሎ ነኝ፤ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ወንድሜ አንደኛ ዓመት ላይ ጓደኛ ካበዛሽ ትባረሪያለሽ ይለኛል። ትምህርቱንም ሰውንም እንዴት ነው አብሬ የማስኬደው?» ብለሻል። ከሥር የመለሱልሽ ሰዎች ደግሞ ከሞላ ጎደል አንድ ነገር ነው ያሉሽ፤ «ቸክይ፣ ጓደኛ በኋላ ይደርሳል።»

እኔ በዚህ አልስማማም። እኔም ከደሴ ነው ሐዋሳ የገባሁት። እኔም ከቤት ወጥቼ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ያንቺን ነገር እንደ ራሴ ነው የማየው። መልሴ ረጅም ነው፣ ታገሺኝ። የተማርኩበትን ግቢ ስም ትቼዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ስታነቢው ይገባሻል።

1. ጊዜሽን የሚበላው ሐይቁ ሳይሆን ዶርሙ ነው።

ሁሉም ሰው በከተማው ነው የሚያስፈራራሽ። ፍቅር ሐይቅ ማታ ማታ ደስ ይላል፣ እውነት ነው። አሞራ ገደል ጠዋት ሄደሽ ዓሣው ከጀልባ ሲወርድ፣ ልጆቹ በቢላ ሲገፍፉት፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አጠገብሽ ቆመው ሲጠብቁ ብታዪ ቀኑን ሙሉ እዚያው መዋል ያምርሻል። ግን እነዚህ ሰዓት አላቸው። በባጃጅ ትሄጃለሽ፣ ብርሽ ያልቃል፣ ትመለሻለሽ። ዶርም ግን ሰዓት የለውም።

ስድስት ነበርን። ከጅማ፣ ከሶዶ፣ ከጎንደር፣ ከአዲስ አበባ፣ ከይርጋለም፣ እኔ ደግሞ ከደሴ። የይርጋለሟ ልጅ ከኔ አልጋ በላይ ነበር የምትተኛው፤ የአንድ ሴክሽን ልጆችም ነበርን። እናቷ የጓሯቸውን ቡና በፌስታል ቋጥራ ትልክላታለች። እኔ ደግሞ ጀበና ይዤ ሄጄ ነበር፤ እናቴ ናት ልብስ ውስጥ ጠቅልላ ሻንጣዬ ውስጥ የከተተችልኝ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ክልክል ስለሆነ ፕሮክተሯ (የዶርም ተቆጣጣሪዋ) እንዳታይ አልጋ ሥር እንደብቀዋለን። ማታ ከእራት በኋላ ቡናው ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ጭሱ እንዳይሸት መስኮት ይከፈታል። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ አቦል ጠጥቶ መነሣት ለኔ ነውር ነው። ቶናው፣ በረካው፣ ወሬው... ስንነሣ እኩለ ሌሊት ያልፋል። የሌላ ዶርም ልጆች ሳይቀሩ ስኒ ይዘው ይመጡ ነበር። ቡናዬ ስም ነበረው፤ ዛሬም ያነሡታል።

ይሄ በሳምንት አንዴ ቢሆን ኖሮ ምንም አልነበረም። እኛ ግን በሳምንት አራት ቀን፣ አምስት ቀን ነበር የምናፈላው። የሳይኮሎጂ ሀንድአውት እግሬ ሥር ተቀምጦ «ነገ» እያልኩ ሚድ ደረሰ። ከዚያ ፋይናል። ውጤት ሲለጠፍ ከ4 ነጥብ 2.42።

2. የመጀመሪያ ሴሚስተር ውጤት ስታዪ አትደንግጪ።

ዋናው ይሄ ነው። እኔ ደነገጥኩ። 2.42 ያስባርራል ማለት አይደለም። የሚያስፈራው ዲፓርትመንት ነው። አንደኛ ዓመት ሲያልቅ ምርጫሽን ትሞያለሽ፤ ከዚያ በውጤት ነው የሚደለድሉሽ። እኔ አካውንቲንግ ነበር የምፈልገው። አባቴም ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ አካውንታንት ልትሆን ነው» ብሎ ጨርሷል።

ስለዚህ ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ሰው ጠላሁ። ጀበናዬን ሻንጣ ውስጥ መልሼ ቆለፍኩበት። ከሴክሽናችን የቴሌግራም ግሩፕ ወጣሁ፤ ቀኑን ሙሉ ስልኬን የሚያስጮኸው ቀልድ ነበራ። ብቻዬን መብላት ጀመርኩ። ጠዋት ማንም ሳይነሣ ላይብረሪ እገባለሁ፤ ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ እመለስና ጆሮዬን በጥጥ ወትፌ እተኛለሁ። የይርጋለሟ ልጅ ሁለት ጊዜ «ምን አደረግንሽ?» ብላኛለች። «ምንም፣ ላጥና ነው» አልኳት። ሦስተኛ አልጠየቀችኝም።

እንደዚያ ሆኜ እንዳጠናሁት በሕይወቴ አጥንቼ አላውቅም። ፋይናል ደረሰ። የኢኮኖሚክስ ፈተና ሐሙስ ከሰዓት 8 ሰዓት ነበር። 7 ሰዓት ተኩል ላይ ሄድኩ። በሩ ላይ ማንም የለም። ቀድሜ መጣሁ ብዬ ገባሁ። አንዲት የጽዳት እናት ወንበሮቹን ወደ ጥግ ገፍተው እየጠረጉ ነበር። «እማማ፣ ፈተና የለም እንዴ እዚህ?» አልኳቸው። መጥረጊያውን ይዘው ቀና አሉና «ትናንት ጨረሱኮ ልጄ» አሉኝ።

ፈተናው ወደ ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ተዛውሯል። ክፍሉ ለሌላ ፈተና ስለተፈለገ ነው አሉ። ማስታወቂያው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ተለጠፈ፣ ግሩፑም ላይ ተላከ። ረቡዕ በ3 ሰዓት እኔ የት ነበርኩ መሰለሽ? ላይብረሪ። ከክፍሉ ሁለት ሕንፃ ርቄ። እነሱ ሲፈተኑ እኔ ያንኑ ኢኮኖሚክስ እያጠናሁ ነበር።

ከዚያ ቢሮ ለቢሮ ተጀመረ። መምህሩ ዲፓርትመንት ሂጂ አሉኝ። ዲፓርትመንት «ታምመሽ ከሆነ የሕክምና ማስረጃ አምጪ» አለኝ። አልታመምኩም። ውሸት የሐኪም ወረቀት የሚያሠሩ እንዳሉ አውቃለሁ፤ አላደረግኩትም፤ በዚህ እስከ ዛሬ አላፍርም። ዓርብ ጠዋት ማመልከቻ ጽፌ አንድ መስኮት ላይ ቆምኩ። ከውስጥ ያለችው ሴት ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አላነበበችም። ቀና ብላ አየችኝና ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ሁሉ እየሰማ «ጓደኛ የለሽም እንዴ? አንድ ሰው እንኳ አይነግርሽም?» አለችኝ። ከሰልፉ ሰው ሳቀ። ወረቀቱን ከሌሎች ወረቀቶች ላይ ጣል አደረገችውና «ሰኞ ተመለሽ» ብላ ለምሳ መስኮቱን በካርቶን ዘጋችው። ገና 6 ሰዓት አልሞላም።

እኔ እዚያ ካርቶን ፊት ቆሜ ቀረሁ። ስድቡ አይደለም ያመመኝ። እውነቷን ነበር። የሚነግረኝ ሰው አልነበረኝም። ደግሞ ነበሩኝ፤ እኔው ነኝ ያባረርኳቸው።

ማታ ዶርም ገብቼ አለቀስኩ። የይርጋለሟ ልጅ ከላይ ወረደች። ስነግራት ከኔ በላይ ደነገጠች። «ማክሰኞ ማታ ልነግርሽ ፈልጌ ነበርኮ። የለሽም። ጠዋት ስነሣ ወጥተሻል። ደግሞ ሰምታ ይሆናል፣ አኩርፋኛለች አልኩና ተውኩት» አለችኝ። ሰኞ ለራሷ ማጥናት ስትችል አራት ሰዓት ሙሉ ከኔ ጋር ቢሮ ለቢሮ ዞራለች። የሴክሽን ተወካያችንም መጥቶ «ማስታወቂያው አንድ ቀን እንኳ አልሞላውም» ብሎ መሰከረልኝ። መምህሩ ሜክአፕ (ምትክ ፈተና) ለመስጠት በቃል እሺ ብለው ነበር።

ማመልከቻዬ ግን የለም። ዓርብ ያስገባሁት ጠፋ። መዝገብ ላይ አልገባም። አዲስ ጻፊ ተባልኩ፣ ጻፍኩ፤ አዲሱ ደግሞ «ጊዜው ካለፈ በኋላ የቀረበ» ተባለ። መጀመሪያ ኤንጂ (ውጤት ያልተሰጠበት)፣ በኋላ ኤፍ (የወደቀ) ሆነ።

3. ማንኛውም ቢሮ ማመልከቻ ስታስገቢ ሁለት ቅጂ ይዘሽ ሂጂ። አንዱን ትሰጫለሽ፤ ሁለተኛው ቅጂሽ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳያሳርፉልሽ ከመስኮቱ አትነሺ። ቢቆጡሽም ቁሚ። እኔ ያችን ማኅተም ይዤ ቢሆን ኖሮ ዓርብ ማስገባቴን ማንም አይክደኝም ነበር።

አንድ ኤፍ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ በቁጥር ልንገርሽ፤ እኔ ማንም አልነገረኝም ነበር። ስድስት ኮርስ እያንዳንዱ 3 ክሬዲት ከሆነ ሴሚስተሩ 18 ክሬዲት ነው። አምስቱን ቢ (3 ነጥብ) ብታመጪና አንዱ ኤፍ (0) ቢሆን ከ3.0 ወደ 2.5 ትወርጃለሽ። የኔ አምስቱ ኮርሶች ብቻቸውን 3.6 ነበሩ። ከኤፉ ጋር 3.0 ሆነ። ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጋር ሲደመር 2.71። አካውንቲንግ ከኔ በላይ ባሉት ሞላ። ጂኦግራፊ ደረሰኝ። ኢኮኖሚክሱን በዓመቱ ከኋላችን ከመጡት ልጆች ጋር ቁጭ ብዬ ደግሜ ወሰድኩት።

አባቴ ምንም አልተናገረኝም። ጎረቤት ግን ለረጅም ጊዜ «አካውንታንቷ» ይለኝ ነበር።

4. ታዲያ እንዴት ላድርግ ካልሽኝ፣ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ እኔ ያደረግኩትን ነው የምነግርሽ። ቡና እሑድ ብቻ። እሱንም ከሰዓት፣ ሳይመሽ። ዶርም ውስጥ ለሁሉም በግልጽ ተናገርኩ፤ «እሑድ ቡናው የኔ ነው፣ ሌላ ቀን ግን አትጥሩኝ።» ማንም አልተቀየመኝም። ዝም ብለሽ ስትሸሺ ነው ሰው የሚቀየምሽ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ማታ ላይብረሪ ነኝ፤ ግን ብቻዬን አይደለም፤ ከይርጋለሟ ልጅ ጋር ነው። ዓርብ ማታ ለግቢ ጉባኤ ነበር። አንቺ ጀመዓም ይሁን ፌሎሺፕ የራስሽን ታውቂያለሽ፤ አትተዪው፤ ስትታመሚ መጀመሪያ የሚደርሱልሽ እነሱ ናቸው። የከተማ መውጫዬ በወር ሁለት ቅዳሜ ነበር። ለልደት መዋጮ ሁሉ እሺ አትበዪ፤ የኪስሽ ብር በሁለተኛው ወር ያልቃል።

የሴክሽን ግሩፕ ካስቸገረሽ ድምፁን ዝጊው እንጂ አትውጪ። ከሴክሽንሽ ሁለት ሰው ያዢ፤ ከአንዱ ብትጣዪ ሌላው አለ። ፋይናል ሲሆን ደግሞ ከመተኛትሽ በፊት ለአንዳቸው ደውለሽ «የነገው ፈተና ስንት ሰዓት ነው? የት ክፍል ነው?» በዪ። ብታውቂውም ጠይቂ። እኔ እስክመረቅ ድረስ በየፋይናሉ ማታ ደውያለሁ።

በ3.38 ተመረቅሁ። ጂኦግራፊ ውስጥ ጂአይኤስ የሚባል ነገር (የቦታ መረጃን በኮምፒውተር ካርታ ላይ ማስፈር) አገኘሁና ወደድኩት። ዛሬ እንጀራዬ ካርታ መሥራት ነው፣ እዚሁ ሐዋሳ። አካውንቲንግ ሲነሣ ግን አሁንም ትንሽ ይቆረቁረኛል፤ አልዋሽሽም።

የይርጋለሟ ልጅ አስተማሪ ሆናለች። አንዳንድ እሑድ የእናቷን ቡና ይዛ ትመጣለች። ግቢ ስትገቢ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ጀበናው ያው የደሴው ነው፤ እጀታው ብቻ በሽቦ ታስሯል። አንድ እሑድ ነይና ከኛ ጋር ጠጪ፤ ሳይመሽ ወደ ዶርምሽ እንሸኝሻለን።