ማሳረፉን ትታችሁ ዳግም ስለ መነሣት፦ ለወጣት አብራሪዎች

ውድ ወጣት አብራሪዎች፣

ብዙዎቻችሁ ማሳረፍን ስትማሩ ልባችሁ የሚያርፈው ጎማው መሬት በሚነካበት ቅጽበት ላይ ነው፤ ተሳፋሪም የሚያጨበጭበው ለእሱ ነው። እኔ ግን አብራሪን የምመዝነው ከዚያ በፊት ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች፣ በተለይም አቀራረቡ እንዳልተስተካከለ ሲያይ ማሳረፉን ትቶ ዳግም ለመነሣት፣ በእኛ አነጋገር ጎ አራውንድ ለማድረግ፣ በሚወስንበት ጊዜ ነው።

መመሪያውን ታውቁታላችሁ። በብዙ አየር መንገዶች ዘንድ አውሮፕላኑ በደመና ውስጥ ከሆነ ከማረፊያው በላይ 1,000 ጫማ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ከሆነ 500 ጫማ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ፣ አወራረዱ፣ የሞተሩ ኃይል፣ ፍላፑ (በዝግታ ለመብረር ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው ክፍል) እና ጎማው በየቦታቸው መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ መነሣት ነው። ይሁንና የበረራ ደኅንነት ድርጅቱ ፍላይት ሴፍቲ ፋውንዴሽን ያወጣው ጥናት እንደሚያሳየው ሳይስተካከሉ ከቀረቡት በረራዎች መካከል በጎ አራውንድ የሚያበቁት 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። የቀሩት ለማረፍ ይቀጥላሉ፤ አብዛኞቹም በሰላም ያርፋሉ። መዘዙም ከዚሁ ይመጣል፤ መመሪያ ጥሶ በሰላም ያረፈ ሰው ለሚቀጥለው ጥፋቱ ምስክር አግኝቷልና።

እ.ኤ.አ. በሜይ 22 ቀን 2010 ከዱባይ ተነሥቶ ወደ ህንዷ ማንጋሎር የበረረውን የኤር ኢንዲያ ኤክስፕረስ 812 በረራ ታሪክ ደጋግማችሁ እንድታነቡት እፈልጋለሁ። የማንጋሎር ማኮብኮቢያ በኮረብታ አናት ላይ የተሠራ፣ ጫፉም ገደል የሆነ ነው። ካፒቴኑ ከጉዞው ብዙውን እንቅልፍ ላይ አሳልፎ ነበር፤ አውሮፕላኑም ከሚገባው ከፍታ እጅግ በላይ ሆኖ ቀረበ። ረዳት አብራሪው ጎ አራውንድ እንዲደረግ ሦስት ጊዜ ተናገረ፤ ካፒቴኑ ግን መውረዱን ቀጠለ። ከ2,450 ሜትሩ ማኮብኮቢያ ወደ 1,600 ሜትር የሚጠጋው ካለፈ በኋላ መሬት ነኩ፤ ካፒቴኑ ሪቨርስ (አውሮፕላኑን ለማቆም የሞተሩን ግፊት ወደ ፊት የሚመልሰውን) ከከፈተ በኋላ ሐሳቡን ለውጦ ለመነሣት ሞከረ፤ አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያውን አልፎ ገደል ገባ፤ 158 ሰዎች አለቁ፣ 8 ተረፉ። ሪቨርስ ከተከፈተ በኋላ መነሣት የለም፤ ያን ጊዜ ያለው ምርጫ ፍሬን ብቻ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የረዳቱ ነገር ነው። አየ፣ ተናገረም፤ መሪውን ግን አልተረከበም። እኛ ታላቅን ማቋረጥ ነውር ነው ተብለን ያደግን ሰዎች ነን፤ ይህ ለማዕድ መልካም ሥርዓት ነው፣ ለኮክፒት ግን አይሆንም። የሥራ ቋንቋችን እንግሊዝኛ ቢሆንም እንኳ «ካፒቴን፣ ፍጥነቱ ትንሽ የበዛ አይመስልዎትም?» የሚለው መለሳለስ በድምፃችን ውስጥ ይቀራል። ረዳት የሆናችሁ ሁሉ ጎ አራውንድን በጥያቄ መልክ አታቅርቡ፤ ሁለት ጊዜ ተናግራችሁ መልስ ካጣችሁ መሪውን ተረከቡ። ካፒቴን የሆናችሁ ደግሞ መውረድ ከመጀመራችሁ በፊት «ከሁለታችን ማንም ጎ አራውንድ ካለ እንነሣለን፤ ክርክሩን ከተነሣን በኋላ እናደርገዋለን» በሉና ቃላችሁን ጠብቁ።

መወሰን ብቻውን ግን አያድንም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 3 ቀን 2016 የኤምሬትስ ቦይንግ 777 ዱባይ ላይ ከማኮብኮቢያው መጀመሪያ ርቆ ሄዶ መሬት ነካና አብራሪዎቹ ለመነሣት ወሰኑ፤ ውሳኔው ተገቢ ነበር። የሞተሩን ኃይል በራሱ የሚጨምረውን የጎ አራውንድ ቁልፍ ተጫኑ፤ ነገር ግን ጎማ መሬት ከነካ በኋላ ያ ቁልፍ ኃይሉን እንዳይጨምር ተደርጎ የተሠራ ነው። የሞተሩ ኃይል መጨመሪያ እጀታ ወደ ፊት አለመሄዱን ማንም ሳያስተውል አፍንጫው ተነሣ፣ ጎማውም መታጠፍ ጀመረ፤ አውሮፕላኑ 85 ጫማ ያህል ከፍ ብሎ ተመልሶ ወደቀ። በውስጡ የነበሩት 300 ሰዎች ሁሉ ተረፉ፣ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ግን ሞተ። ስለዚህ ቁልፉን ብትጫኑም እጃችሁ ከእጀታው አይለይ፣ ዓይናችሁም ከሞተሩ ጠቋሚ አይነቀል።

ቦሌ ለምትበሩት ይህ ሁሉ ይበረታል። ማረፊያችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ በመሆኑ የፍጥነት መሣሪያው 140 ኖት (በሰዓት 140 የባሕር ማይል) ሲያሳይ ትክክለኛው ፍጥነታችሁ ወደ 160 ይጠጋል፣ ለመቆምም ረጅም መንገድ ትፈልጋላችሁ። ሞተሩም በዝቅተኛ ቦታ የሚሰጠውን ያህል አይሰጥም፤ በስተሰሜን ደግሞ እንጦጦ አለ። ዘግይቶ የተወሰነ ጎ አራውንድ እዚህ ውድ ነው።

ከተነሣችሁ በኋላ መጀመሪያ አብርሩ፣ ከዚያ ለበረራ መቆጣጠሪያ ማማው ተናገሩ፣ ተሳፋሪው በመጨረሻ ነው፤ ለእሱም ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ከሁለተኛው ሙከራ በፊት ግን ነዳጁን ተመልከቱና ስንት ኪሎ ሲቀር ወደ ተለዋጩ ማረፊያ እንደምትሄዱ ቁጥሩን ጮክ ብላችሁ ተነጋገሩ።

አክባሪያችሁ፣
ጡረታ የወጣ ካፒቴን