የስደት ጥናት እንጀራ ይሆናል ወይ?

«የጂኦግራፊ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በእስያና በፓስፊክ አገሮች መካከል ስላለው ስደት መንስኤና ውጤት እንድጽፍ ታዝዣለሁ። እዚህ ሥራ ለምፈልግ ሰው ምን ይጠቅመኛል? ርዕሱን ላስቀይር?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ እህቴ፦

አታስቀይሪው፤ አጥብቢው እንጂ። «መንስኤው ድህነት፣ ውጤቱ ሐዋላ» የሚል ወረቀት ማንም ጋ ይገኛል። አንድ መስመር ምረጪና ውስጡን አጥኚ። እኔ ብሆን ከፓስፊክ ደሴቶች ወደ ኒውዚላንድ የሚሄዱትን የወቅት ሠራተኞች እመርጥ ነበር። እነሱን የሚወስደው የኒውዚላንድ መርሃ ግብር የተጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። የአገሪቱ የፖም፣ የኪዊና የወይን አምራቾች ለቀማ ሲደርስ ሠራተኛ ያጣሉ፤ በቶንጋ፣ በሳሞአና በቫኑዋቱ ደግሞ ደመወዝ ያለው ሥራ ጥቂት ነው። ደንቡ ሠራተኛው በ11 ወር ውስጥ እስከ 7 ወር እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ ከኪሪባቲና ከቱቫሉ ለሚመጣው ግን 9 ወር። ለምን? ሩቅ ስለሆኑ ትኬቱ ውድ ነው፤ በ7 ወር ደመወዝ ወጪውን ሸፍኖ ለቤቱ የሚተርፈው ይቀንሳል። ከአንዲት ቁጥር ተነስተሽ እንዲህ መተንተን ከቻልሽ፣ ቀጣሪ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ውጤቱንም ቀረብ ብለሽ እዪው። ቶንጋ ከውጭ የሚላክላት ገንዘብ ከጠቅላላ ምርቷ 40 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ሠራተኛው ግን ቤተሰቡን ይዞ መሄድ አይችልም፤ እርሻውም ልጆቹም ለወራት በሚስቱና በአያቶች ላይ ይወድቃሉ። ይህ በሐዋላ ሠንጠረዥ ላይ አይታይምና አደራ፣ እንዳትዘልዪው።

ከዚያ ወደ እኛ የሚያሻግር አንድ ክፍል ጨምሪበት፦ ወጪውን ማን ይሸፍናል? የኒውዚላንዱ ደንብ ሲወጣ የትኬቱን ግማሽ ቀጣሪው እንዲከፍል አድርጓል። የእኛ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የደርሶ መልስ ጉዞውንና ቪዛውን በአሠሪው ላይ ይጥላል። ታዲያ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ስንት እህቶቻችን ለምን ተበድረው ለደላላ ይከፍላሉ? ይህን ጥያቄ በደንብ የያዘች ምሩቅ ቃለ መጠይቅ ላይ የምትናገረው አታጣም።

ሥራውን በተመለከተ፣ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት (አይኦኤም) እና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት (አይኤልኦ) አዲስ አበባ ቢሮ አላቸው፤ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም አለ። ማስታወቂያዎቻቸውን ሳትመረቂ ማንበብ ጀምሪ። ኤክሴልን በደንብ ልመጂ፣ በእንግሊዝኛ አጭር ሪፖርት መጻፍ ተለማመጂ። ጊዜ ከተረፈሽ ዓረብኛ ጀምሪ፤ ከዓረብ አገር የሚመለሱት የሚይዙት ውልና ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ በዓረብኛ ነው።